ጋሼ ሰይፉና የወደቀው እንጨት

ጋሼ ሰይፉ እንጨት መሬት ላይ ተጋድሞ ሲያዩ እጃቸውን ይበላቸዋል። ሙሉ ስማቸው ሰይፈሥላሴ ነው። እዚህ አቃቂ የጨርቅ ፋብሪካው ቦይለር በግንድ በሚነድበት ዘመን፣ ግንዱን ለእሳቱ የሚያጎርሱት እሳቸው ነበሩ። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ትምህርቴን ትቼ ማቅለሚያ ክፍል ስገባ ሥራውን የለመዱ ጎልማሳ ነበሩ። እንፋሎቱ የሚመጣው ከእሳቸው ዘንድ ስለሆነ፣ ቀለሙ ጨርቁን አልይዝ ባለ ቁጥር እኛ ሴቶቹ «ቦይለር ተኝቷል!» ብለን ጥፋቱን ወደዚያ እንልካለን። እሳቸውም ጥቀርሻ የጠጣ ፊታቸውን በመስኮት ብቅ አድርገው፣ «እናንተ ልጆች፣ ቀለሙ ያልያዘው ወሬ በዝቶበት ነው» ይሉናል።

ጡረታ ሲወጡ የፋብሪካው ሰው ሁሉ አዘነ። ከሁሉም በላይ ያዘኑት ግን ባለቤታቸው እትዬ መሰለች ናቸው፤ ሰውየው ቤት ሊውሉ ነዋ! በመጀመሪያው ሳምንት ጓዳ ያለውን ማገዶ በየውፍረቱ ደረደሩት። ቀጥለው ወደ ድስቶቹ ዞሩ። ከዚያ የጎረቤት ማገዶ ጀመሩ። እኔም ቤት መጥተው፣ «አደሴ፣ ይኼ ጭራሮሽ እኮ ትንፋሽ የለውም» አሉና ሳልጠይቃቸው አፍርሰው እንደገና ከመሩልኝ። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ነደደ።

እትዬ መሰለች በመጨረሻ ቄስ ቀናው ዘንድ ሄዱ። ቄስ ቀናው የግማሹ ሰፈር የንስሐ አባት ናቸው።

«አባቴ፣ ስለ እግዚአብሔር፣ ለዚህ ሰውዬ ሥራ ይፈልጉለት። ትናንት ምስር ልቀምልኝ ብለው ትልቁን ለብቻ፣ ትንሹን ለብቻ ሲለይ ዋለ!»

ቄስ ቀናው ከት ብለው ሳቁ። የቤተ ክርስቲያኑ ደን ዘበኛ አገሩ ገብቶ ስለቀረ ቦታው ክፍት ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ እንጨት ሲያነዱ የኖሩት ሰውዬ እንጨት ጠባቂ ሆኑ።

ቤተ ክርስቲያናችን ያለችው ወደ ወንዙ በሚያዘቀዝቀው ዳገት ላይ ነው። በአንድ በኩል መጋዘን አለ፤ በሌላው በኩል ከባድ መኪና ሲያጓራ የሚውልበት መንገድ። መሃል ላይ ግን ማን እንደተከለው ማንም የማያውቀው ዋንዛ፣ ወይራና ጽድ ቆሟል። ዋንዛው በበጋ ቅጠሉን ያራግፋል፤ የረገፈው በረገፈው ላይ ስለሚተኛ ሲረግጡት እንደ ፍራሽ ይሰምጣል። ደኑ አንድ ሕግ አለው፤ የወደቀ እዚያው ይቀራል። ግንድም ቢሆን፣ ለጥርስ መፋቂያ የምትሆን ስንጥርም ብትሆን ከታቦቱ ግቢ አትወጣም። ስለዚህ ያረጀው ዛፍ ቆሞ ይሞታል፤ ደርቆም ዓመታት ይቆማል። አንድ ቀን ይወድቃል፤ ሌላውም በላዩ ይወድቅበታል። ሽበት ያበቅላል፣ የጅብ ጥላ ያወጣል፣ ጉንዳን ይገባበታል። በመጨረሻ ከሩቅ ሲያዩት ግንድ፣ በእጅ ሲነኩት አፈር ይሆናል። የቀድሞው ዘበኛ ከእንጨቱ ጋር አብሮ ይተኛ ነበር፤ ማንም ምን አጠፋህ አላለውም።

ጋሼ ሰይፉ በመጀመሪያው ቀን ደኑን ዞረው ሲመለሱ ሰው የሞተባቸው ይመስሉ ነበር።

«አደሴ፣ ስንት እንፋሎት እዚያ ተጋድሞ እየበሰበሰ እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«የታቦት ነው ጋሼ፤ ይተዉት።»

«እኔ መች ላውጣው አልኩ? ከግቢ አላወጣውም። አስተካክለዋለሁ ብቻ።»

ከኅዳር እስከ ጥር ሲያስተካክሉ ከረሙ። ቅርንጫፉን ጎትተው፣ ግንዱን አንከባለው፣ ያልቻሉትን በመጋዝ ቆርጠው፣ አጥሩ ሥር ደረደሩት። ወይራው ለብቻ፣ ጽዱ ለብቻ፣ ዋንዛው ለብቻ፤ ወፍራሙ ከታች፣ ቀጭኑ ከላይ፣ በየመሃሉ ነፋስ መግቢያ። ጫፉ ሁሉ በገመድ የተለካ ነው የሚመስለው። ለመደርደር የማይሆነውን፣ ሲይዙት እጅ ላይ የሚፈረፈረውን ብስባሽ ደግሞ፣ ከረገፈው ቅጠል ጋር ጠርገው ከዘበኛ ቤታቸው ጀርባ ትልቅ ጉብታ አድርገው ከመሩት። ያልተነካው አንድ ብቻ ነው፤ ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማያቅፈው የወደቀ ዋንዛ። እሱን ገፍተው፣ ገፍተው፣ ወገባቸውን ይዘው ተመለሱ።

ሰው ሁሉ አመሰገናቸው። ደኑ ተጠርጎ ሳሎን መሰለ። ደጃፉን ሳይሳለም የማያልፈው ሁሉ አሁን ክምሩንም ሳያደንቅ አያልፍም። ከሁሉ የበለጠ የተደሰቱት አቶ ሀብተሚካኤል ናቸው። እሳቸው ድሮ የፋብሪካው ፎርማን፣ ዛሬ ደግሞ የሰበካ ጉባኤው ምክትል ሊቀ መንበር ናቸው፤ እኛ ግን እስከ ዛሬ «ፎርማን» ነው የምንላቸው። ክምሩን እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ዞሩት።

«ሰይፉ፣ አንተ መቼም የቦይለር ሰው ነህ! ይኼማ ለግንቦቱ ንግሥ ማብሰያ ይበቃናል። ከታቦቱ ለታቦቱ፣ ኃጢአት የለውም።»

ሰበካ ጉባኤውም ተሰብስቦ ወሰነ። ተበታትኖ ሳለ ስንት ዘመን ደን ነበር፤ ሲደረደር ግን ላየው ሁሉ ማገዶ ሆነበት።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ደስ ነው ያለኝ። የንግሡን ወጥ የምንሠራው እኔና እትዬ መሰለች ነን። በየዓመቱ እርጥብ ባሕር ዛፍ እየሰጡን፣ ድግሱ ሲያልቅ ዓይናችን ተጨናብሶ የሰው መልክ መለየት ያቅተናል። ደረቅ ወይራ አይቼ ምን ልበል? እንዲህ ያለ ነገር ግን ለእኔ ተሳክቶ አያውቅምና ብዙም ተስፋ አላደረግሁም።

የካቲት ላይ ያልታሰበ ዝናብ ለተከታታይ ቀናት ጣለ። ዝናቡ ባባራበት ብርዳም ጠዋት፣ ከኪዳን ጸሎት ወጥተን ገና በር ላይ ቆመን ስናወራ፣ ከዘበኛው ቤት ጀርባ ነጭ ነገር ሽቅብ ሲተን አየን። ወዲያው ፊሽካ ተነፋ። ጋሼ ሰይፉ የነፉት የፋብሪካውን የእሳት ምልክት ነው።

ፋብሪካውን ከተውነው ስንት ዓመት ሆኖናል፤ እግራችን ግን አልረሳም። ሽማግሌው ሁሉ ባልዲ ይዞ ከየቤቱ ወጣ። ማንም ሳያዘው ተሰለፈ። ፎርማን ከፊት ቆመው፣ «ማቅለሚያ በግራ! ሽመና በቀኝ! ሴቶች፣ ነጠላችሁን ሰብስቡ!» እያሉ ይጮኻሉ። ሙሀመድሁሴንም ደረሰ። እሱ የወሎ ልጅ ነው፤ በአይሱዙው የመጋዘኖቹን ዕቃ ያመላልሳል፤ የጋሼ ሰይፉም የልብ ወዳጅ ነው። መኪናውን መንገድ ላይ አቁሞ ሁለት ጀሪካን ተሸክሞ ሮጠ።

«ይኼኛው የውሃ ነው፣ ያኛው የናፍጣ! እንዳትሳሳቱ!»

«ታዲያ የናፍጣውን ለምን አመጣኸው አንተ ሰው?» አሉት እትዬ መሰለች።

«በድንጋጤ ነዋ!»

ጉብታው ላይ ባልዲ በባልዲ ደፋንበት። ትነቱ ባሰ። እንደገና ደፋን፤ እንደገና ባሰ። አንዷ ተአምር መስሏት እልል ልትል አፏን ስትከፍት ቄስ ቀናው በዓይናቸው ከለከሏት። ይኼኔ ጋሼ ሰይፉ ሁለት እጃቸውን አነሡ።

«ቁሙ! እሳት ውሃ ሲያገኝ ይጮኻል። ይኼ ግን ዝም ብሏል።»

አካፋ አምጥተው ጉብታውን ከፈቱት። ፍም የለ፤ አመድ የለ። ጥቁር አፈር የመሰለ ብስባሽና፣ የሰው አውራ ጣት የሚያህል ነጭ ትል ብቻ። ጋሼ ሰይፉ እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱት። ፊታቸው ተለወጠና እጃቸውን መንጭቀው አወጡ። ቀጥለውም ሳቁ። ደረታቸውን ይዘው፣ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«ቦይለር ነው! ጎበዝ፣ ይኼ እኮ ቦይለር ነው! ጭስ የለው፣ ጥቀርሻ የለው! ማነው ያነደደው?»

«አላህ ነዋ! ሌላ ማን አለ፣ ያለ ደመወዝ የሚሠራ?» አለ ሙሀመድሁሴን።

«እሳት ካልሆነ ታዲያ ለምን ጠራኸን?» አሉ ፎርማን፤ ጫማቸው ጭቃ በጭቃ ሆኗል።

ሁላችንም በየተራ እጃችንን ከተትን። እውነትም ይሞቃል፤ ለገላ መታጠቢያ የተዘጋጀ ውሃ ያህል ይሞቃል። የእጄ አንጓ በብርድ ስለሚቆረጥመኝ እኔ ትንሽ አቆየሁት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሼ ሰይፉ ሌላ ሰው ሆኑ። ያገኙትን እንጨት ሁሉ መዳሰስ ጀመሩ። ወደዚያ ትልቅ ዋንዛ ሄደው በስንጥቁ እጃቸውን ይሰዳሉ። «ይኼኛው አይሞቅም፤ ቀዝቃዛ ነው፣ ረጥቧል። ግን እሱም እየነደደ ነው አደሴ። አልቸኮለም እንጂ። የእኔ ጉብታ በአንድ ወር የጨረሰውን እሱ በእኔ ዕድሜ ልክ ይሠራዋል» ይሉኛል። ጀርባው ላይ የበቀሉትን የዋንዛ ችግኞች እየቆጠሩ፣ «እነዚህ ደግሞ እንፋሎቱን የሚጠጡት ናቸው» ይላሉ። እኔ ሽንኩርቴን እየላጥኩ «እህ» እላለሁ።

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። መጀመሪያ የመጣው ግንደ ቆርቁሩ ነው። ያ ወፍ ድሮ የደረቀውን ግንድ ሲቀጠቅጥ ይውል ነበር። የሚቀጠቅጠው ሲያጣ የጋሼ ሰይፉን የዘበኛ ቤት ምሰሶ ያዘ። ሊነጋጋ ሲል ራሳቸው አጠገብ ኳ ኳ ኳ ይላል። ወጥተው ሲያባርሩት በሌላው ምሰሶ ይመለሳል። ቀጥሎ በጎች ገቡ። ለካስ የወደቀው ቅርንጫፍ እንደ አጥር ሆኖ ችግኙን ሲጠብቅ ኖሯል፤ ቅርንጫፉ ሲነሣ በጎቹ የወይራ ቡቃያውን ከሥሩ ጨረሱት። ግንዶቹ ተኝተው የነበሩበት ቦታ ደግሞ ፀሐይ አግኝቶት እንደ ተረከዜ ተሰነጣጠቀ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ቤቴ መጥተው ዱካ ላይ ቁጭ አሉ። ማገዶዬን እንኳ ቀና ብለው አላዩትም።

«አደሴ፣ ቦይለሩን አፈረስኩት» አሉኝ።

«የቱን ቦይለር?»

«ደኑን። እየነደደ፣ እየሠራ ነበር። እኔ መጥቼ ማገዶውን ከምድጃው አውጥቼ ደረደርኩት። አሁን ደግሞ ግንቦት ላይ እናንተ ወጥ ልትሠሩበት ነው። አንዴ ከነደደ ምን እመልሳለሁ? ቀና ብዬ ያንን ደን ማየት አልችልም።»

ምን ልበል? ዓይኔን አሰብኩ፤ ወይራውን አሰብኩ። ሰውየው ደግሞ ዱካዬ ላይ ተኮማትረው ልጅ መስለዋል። «እንግዲህ ጭስ ሲሆን ጭስ ነው፤ ለምደነዋል። ፎርማንን ያነጋግሯቸው» አልኳቸው።

ፎርማንን ያነጋገሯቸው ክምሩ አጠገብ ነው፤ እኔም እትዬ መሰለችም ነበርን።

«ልትመልሰው? ወዴት ነው የምትመልሰው?» አሉ ፎርማን።

«ወደነበረበት፣ ወደ ደኑ።»

«ሰይፉ፣ ሦስት ወር ሙሉ አንተው ራስህ አወጣኸው። አሁን መልሰህ መሬት ላይ ልትጥለው? ሰው ምን ይለናል?»

«ሰይፉ አረጀ ይላሉ! እኔን ይበሉ እንጂ እርስዎን ምን አገባቸው?»

«ሰበካ ጉባኤው ወስኗል። ለስንት ሕዝብ ነው የሚበሰለው? በምን ይበሰል? በአንተ ትል?»

መልሱን ያመጣው ሙሀመድሁሴን ነው። መጋዘኖቹ ውስጥ ዕቃ የሚደረደርበት ፓሌት ሲሰበር ውጭ ይጣላል። ከአንዱ መጋዘን ኃላፊ ለምኖ፣ የተሰባበረ ፓሌት አይሱዙው እስኪያቃስት ጭኖ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አቆመ።

«ጋሼ ሰይፉ፣ ይኸው! የክርስቲያን ወጥ በእስላም ማገዶ ይብሰል። ሥጋው ላይ አልደርስ እንጂ እሳቱስ አንድ ነው!» አለ።

ፓሌቱ ደረቅ ነው፤ ጣውላ ነው። እትዬ መሰለች አንዱን በጣታቸው መትተው ድምፁን ሰሙና፣ «ይኼማ ከወይራውም ይቀለናል» አሉ። ጋሼ ሰይፉ ሊዘሉ ምንም አልቀራቸው። ፎርማን መጡ፤ አዩ፤ ሙሀመድሁሴንን መረቁ። ከዚያም፣

«እግዚአብሔር ሲሰጥ እንዲህ ነው! አሁን ሁለቱም አለን። ዘንድሮ ምንም አይጎድልም» አሉ።

እንዲህ ናቸው ፎርማን። ክፋት የለባቸውም፤ የተሰጣቸውን ነገር መመለስ ግን አልፈጠረባቸውም።

ጋሼ ሰይፉ ጾሙን በሐሳብ ጨረሱት። በሰሙነ ሕማማት ወደ ቄስ ቀናው ሄደው ንስሐ ገቡ። ይህን ለእኛ የነገሩን ራሳቸው ናቸው። ቄስ ቀናው በዕድሜ ታናሻቸው ቢሆኑም በንስሐ ጊዜ «ልጄ» ነው የሚሏቸው።

«አባቴ፣ በድያለሁ።»

«ምን አደረግህ ልጄ?»

«እንጨት ደረደርኩ።»

ቄስ ቀናው ቀረብ ብለው ጠየቁ አሉ። «ሰርቀህ ነው?» «የለም።» «ሸጠህ?» «የለም። ደረደርኩ ብቻ።» ከዚያ ጋሼ ሰይፉ ጉዳዩን ከሥሩ አስረዷቸው። ቄሱ የሰበካ ጉባኤን ውሳኔ መሻር አይችሉም። «እስቲ ስቅለትን ያድርሰን» አሏቸውና አሰናበቷቸው።

የስቅለት ዕለት እንደምታውቁት ሲሰገድ ይዋላል። ወደ ማታ ሲል ምእመኑ ተራ በተራ ይቀርባል፤ ቄሱ ጀርባውን በወይራ ቅጠል መታ መታ እያደረጉ የሚጨምረውን ስግደት ይነግሩታል። እኔ የተሰለፍኩት ከፎርማን ኋላ ነበር። ፎርማን ቀረቡና ጎንበስ አሉ።

«አባቴ፣ እንደሚያውቁት ጉልበቴን ያመኛል። ስግደቱን ቀለል ያድርጉልኝ።»

«ስግደት ካቃተህ ትንሽ ሸክም ትችላለህ?» አሉ ቄስ ቀናው።

«ሸክምስ እችላለሁ» አሉ ፎርማን፤ ሳያስቡት።

«እንግዲያው ከዚያ ክምር አንድ ግንድ አንሥተህ ወደ ደኑ መልስ። ከበድ ያለውን።»

የፎርማን አፍ ተከፍቶ ቀረ። «አባቴ፣ የንግሡ ማገዶ እኮ ነው...»

«የንግሡ ማገዶ በር ላይ ተራግፏል፤ ወጥ ሠሪዎቹም ወደውታል። ይኼ የንስሐህ ነው። ቀጥሉ!»

ቀጥሎ እኔ ነበርኩ። ከፋብሪካ የወጣ ሰው ጉልበቱ ደህና የሆነ የለም፤ ስንት ዓመት ቆመን ሠርተን! «አባቴ፣ እኔንም ጉልበቴን...» ከማለቴ፣ «ግንድ!» አሉኝ። ከኋላዬ ያለው ሸማኔም ግንድ፣ ከእሱ ኋላ ያለችውም ግንድ። ጤነኛ ጉልበት ያላቸው ወጣቶች ስግደታቸውን ይዘው ሲሄዱ፣ የፋብሪካው ሰው ሁሉ ወደ ክምሩ ጎረፈ። ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመስንም፤ ጉሮሯችን ደርቋል። የተሸከምኩት የጽድ ቅርንጫፍ ቀላል ነበር፤ ፎርማን የያዙት ግን የወይራ ጉማጅ ነው፤ ወደ ጎን እያዘነበሉ፣ እያቃሰቱ ይሄዳሉ። ሙሀመድሁሴን ከአጥሩ ማዶ ቆሞ፣ «አይዟችሁ! ፎርማን፣ ዛሬ ገና ሠራተኛ ሆኑ!» ይላል። ስቅለት ባይሆን ኖሮ በሳቅ እንፈርስ ነበር፤ ከንፈራችንን ነክሰን አለፍን።

ክምሩ ፀሐይ ሳትጠልቅ አለቀ። ጋሼ ሰይፉ ከኋላ ሲደርሱ ግን ጭንቅላታቸውን ያዙ። ለካስ ሁላችንም የተሸከምነውን ደኑ ውስጥ ወስደን፣ ትልቁን ከታች፣ ትንሹን ከላይ አድርገን፣ ቀጥ ባለ መስመር ደርድረነዋል! ያስተማረን የለም፤ ዕድሜያችንን እንዲያ ነው የሠራነው።

«በትኑት! ኧረ ስለ እመቤታችን በትኑት!» እያሉ በመስመሩ ላይ ይሮጣሉ። አንዱን በእግራቸው ያጣምሙታል፤ ሁለት እርምጃ ሄደው መለስ ብለው ያዩታል፤ ሳያስቡት ያቃኑታል፤ በራሳቸው ተናደው እንደገና ይረግጡታል። እኛም ብንሞክር ብንሞክር እጃችን እምቢ አለን። እኔ ቅርንጫፌን በአግድም አስቀምጬ ጨረስኩ ስል፣ ከአጠገቡ ካለው ጋር ጫፉ እኩል ሆኖ አገኘሁት።

«ዓይናችሁን ጨፍኑ!» አሉ በመጨረሻ ጋሼ ሰይፉ። «ሁላችሁም ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ወርውሩት!»

ዓይናችንን ጨፈንን። ከግራ ከቀኝ የእንጨት ድምፅ ሰማሁ፤ አንዱ ቅጠሉ ላይ ዱብ፣ ሌላው ድንጋይ ላይ ቀጭ። ስገልጥ ፎርማን ብቻ የወይራ ጉማጃቸውን እንደታቀፉ ቆመዋል። ጋሼ ሰይፉን አዩዋቸው። ጋሼ ሰይፉም አዩዋቸው። ፎርማን ዓይናቸውን ጥብቅ አድርገው ጨፈኑና ለቀቁት። ጉማጁ ቁልቁል ሁለት ጊዜ ተገለባብጦ፣ ከአንድ ቁጥቋጦ ጋር ተላትሞ ጎኑን ይዞ ቆመ።

«አሁንስ?» አሉ ፎርማን፣ አንድ ዓይናቸውን ከፈት አድርገው።

«አሁን ወደቀ» አሉ ጋሼ ሰይፉ።